ባስ ጊታር የጎደለው ዘፈን

ወንድሜ በሕይወት ሳለ፣ በየዓመቱ በጋ ሲገባ፣ በሰፈራችን በክርያት ሞሼ፣ በዕብራይስጥ ማትናስ በሚባለው የሕዝብ አዳራሽ፣ አንድ የድሮ የሬጌ ዘፈን የሚዘፈንበት በዓል ይከበር ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ይሁን የሚል ዘፈን ነው። በዓሉን የጀመሩት ወንድሜና ሻዓራይም ከሚባለው ሰፈር የመጣ አንድ ጓደኛው ናቸው፤ ቤተሰቦቹ ከየመን የመጡ ናቸው። ወንድሜ ባስ ጊታር ይጫወት፣ ጓደኛው ከበሮ ይመታ ነበር። ከውትድርና ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም ነበር።

አንድ ጊዜ ሁለቱ ወደ ጭፈራ ቤት ሲሄዱ በረኛው ጓደኛውን አስገባና ወንድሜን የግል ዝግጅት ነው ብሎ መለሰው። ጓደኛው ወንድሜ የተመለሰው በጥቁረቱ መሆኑ ሲገባው ወጥቶ አብሮት ተመለሰ። ወንድሜ ለእኛ ትንፍሽ አላለም፤ በእኔ አስተርጓሚነት ለአባቴ የነገራቸው ጓደኛው ነው። 

ጦርነት ሲነሣ ሁለቱም ተጠባባቂ ወታደሮች ስለነበሩ ሚሉኢም ለሚባለው የተጠባባቂ ግዳጅ ተጠሩ። ጓደኛው ተመለሰ። ወንድሜን ግን በሣጥን አመጡልን።

በቀብሩ ዕለት መንገዱ ግራና ቀኝ ባንዲራ በያዘ ሰው ተሞላ። አባቴ ቆመው አዩና ይኸ ሁሉ ሰው ልጄን ያውቀዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያውቁትም፣ ሊያከብሩት ነው የመጡት አልኋቸው።

በጋ ሲመጣ የአዳራሹ ኃላፊ ቤታችን መጣች። በዓሉ የወንድሜ መታሰቢያ እንዲሆን ፈልጋ ነበር። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ «ቤሰደር» አሉ፤ በዕብራይስጥ እሺ ማለት ነው።

በዕለቱ ከፊት አስቀመጡን። ጓደኛው ሌላ ባስ ተጫዋች አልፈልግም ብሎ የወንድሜን ጊታር ባዶ ወንበር ላይ አስደግፎት ነበር። ዘፈኑ ሲጀመር ከሥር የሚይዘው ድምፅ ስለጠፋ ሳሳ። ሰዉ ግን ተነሥቶ እጅ ለእጅ ተያያዘ። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ያን ሁሉ ዓመት ሲሰሙት ኖረው ትርጉሙን ጠይቀው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

«ለሞተውማ አንድ ሆኑለት» አሉ። «ቆሞ ሲሄድ ግን ከደጅ መለሱት።»

በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ከኋላችን የነበሩት የእኛ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ኃላፊዋ ፈገግ ብላ ምን አሉ ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። ሳላለዝብ ተረጎምሁላት። ፈገግታዋ ጠፋ፤ ወደ መቀመጫዋ ሄደች። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ተዘፈነ፣ ተጨበጨበም።

ሲያልቅ ጓደኛው ጊታሩን ተሸክሞ ቤት ድረስ አመጣልን። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አባቴ አጠገቡ ተቀመጡ። የአባቴ ዕብራይስጥ ጥቂት ነው፣ እሱም አማርኛ አይሰማም። እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

አሁን ጓደኛው ከበሮውን ትቶታል። ቢሉ ሴንተር በሚባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ጫማ ይሸጣል። ለልጆቼ ጫማ ልገዛ ስሄድ የአባቴን ጤና ይጠይቀኛል፤ ደኅና ናቸው እለዋለሁ። ከዚያ የልጆቼን የጫማ ቁጥር ይጠይቀኛል።