በር ላይ የተዋጠው ክኒን

ከፋብሪካው ሰርቪስ ላይ ሲያወርዱኝ የያዝኩት ምሳ ዕቃ ገና ትኩስ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ስፌት መስመር ኃላፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በአንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። ዛሬ ብደግመው ማንም የሚደነግጥበት ጥያቄ አይደለም። ያኔ ግን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘውኝ ስወርድ ሹፌሩ እንኳ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ምሳ ዕቃውን ማንም ስላልተቀበለኝ ይዤው እስር ቤት ገባሁ።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው የቀረውን አይጠይቀኝም። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፣ እኩለ ቀን ላይ ግድግዳ መደገፍ አይቻልም። ክፍሉ ከዋናው በር ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ከጣሪያው ሥር እጅ የማያስገባ የአየር ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ሰው አይታየንም፤ በር ላይ የሚባለውን ግን ሁሉንም እንሰማለን። ጥየቃ ተከልክለን ስለነበር ቤተሰቦቻችንን የምናገኘው በጆሯችን ብቻ ነበር።

ምሳ ዕቃዬን ተቀብላ የከፈተችው ኤዶ ናት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ክፍሉ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራት። ታይዋን ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ አላት። ከተማው በሙሉ ሱቁን በዘጋበት ቀን እሷም ዘጋች፤ ለምን ዘጋሽ ተብላ መጣች።

"ስከፍት ግብር፣ ስዘጋ እስር" አለችኝ ከምግቤ እየቆረሰች። "ነያ፣ አንቺ ልጅ፣ ብዪ እንጂ! እዚህ ቤት ያፈረ ሰው ይከሳል።"

በበሩ ላይ አንድ ሕግ ነበር። ምግብ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ቀምሶ ያሳያል። ይህን የሚያስፈጽመው ሳጅን ቀኑን ሙሉ "ቅመሺ! ቅመስ!" ሲል ስለሚውል አስቀማሹ ብለን ስም አወጣንለት። እንደሚወራው ከሆነ ቀድሞ በሠራበት ቦታ አንድ እስረኛ ከውጭ የመጣለትን በልቶ ሞቶበታል። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ፊት ያልተዋጠ ነገር በበሩ አያልፍም። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ክፉ ሰው በጉቦ ይታረቃል።

ኤዶ ጠዋትና ማታ ክኒን ትወስዳለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መጠየቅም አላስፈለገኝም፤ ገና ከተጠቀለለበት ወረቀት ስታወጣው አውቄዋለሁ። ታናሽ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትውጠው ያንኑ ክኒን ነው።

እኛ ቤት የእህቴ በሽታ ስም አልነበረውም። እናቴ "ያ ነገር" ነበር የምትለው። ክኒኑ ከዱቄቱ ጣሳ ጀርባ ይቀመጣል፤ እንግዳ ካለ እህቴ ጓዳ ገብታ ትውጣለች። ጎረቤት አያውቅም፣ ዘመድ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሽማግሌ ሊመጣላት ቀን እየጠበቅን ነበር። መርማሪው ከጠየቀኝ ነገር ሁሉ ይልቅ አጥብቄ የያዝኩት ይህንን ምስጢር ነው።

ኤዶ ከመታሰሯ በፊት መድኃኒቱን በጤና መድን ካርዷ ከመንግሥት ሆስፒታል ታገኝ ነበር። ካርዱ ግን ያለ ባለቤቱ አይሠራም፤ ታካሚዋ ቀርባ መታየት አለባት። ልጇ ሄዳ "እናቴ ታስራለች" ብትላቸው "ስትፈታ ትምጣ" አሏት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ስትዞር ከረመች። አንዱ ጋ አልቋል፤ ሌላው ጋ የውጭው ብቻ አለ፣ ዋጋው አይቀመስም። አንዲት ፋርማሲስት አዝናላት "በፋብሪካው ስም አትጠይቂ፣ በመድኃኒቱ በራሱ ስም ጠይቂ፤ የርካሹም ውስጡ ያው ነው" ብላ መከረቻት። እሱን አገኘች። በፓኬት ቢገዛ ደግሞ የበለጠ ይረክስ ነበር። ግን ሱቁ ታሽጎ እጅ ያጠረው ሰው በፍሬ ነው የሚገዛው፤ ድሃ ሁልጊዜ ውዱን ይገዛል።

ከገዛችው ላይ ደግሞ በሩ የራሱን ይወስዳል። አስቀማሹ የሚያስገባው የአንድ ቀን መድኃኒት ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ሁለት ፍሬ ለእናቷ፣ አንድ ፍሬ ለ"ቅመሺ" ይዛ ትመጣለች። ሦስተኛዋን የበር ቀረጥ እንላት ነበር። ጤነኛ ልጅ የሰው መድኃኒት በየቀኑ ስትውጥ ራሷን ያዞራታል፣ ስትሄድ ትንገዳገዳለች። ኤዶ በቀዳዳው የልጇን ጉሮሮ ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ትጨፍናለች።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። አስቀማሹ ለምግቡ ነገር ለዘብ አለ፤ በምላስ ነክቶ መትፋትን ፈቀደ። "ክኒን ግን ካልተዋጠ አይታወቅም" አለ። በረመዳን የመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ዋጠችው። ሳግ እየተናነቃት ስትሄድ ሁላችንም ሰማን። ኤዶ ብድግ ብላ በቀዳዳው በሶማሊኛ ጮኸች፤ መጮህ እንደሚያስቀጣ እያወቀች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

"የልጄን ጾም በልቼ አልድንም። ሁለተኛ ብትውጥ ያመጣችውን እደፋዋለሁ ብያታለሁ።"

"ኤዶ፣ ሼኩን ብትጠይቅ እኮ ይፈቅድላታል" አልኳት።

"ይፈቅዳል። የማልፈቅደው እኔ ነኝ።"

ተናደድኩባት፤ አልደብቅም። ይህ መድኃኒት ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ከእሷ ባልተናነሰ አውቃለሁ። ግን ያንን ለመናገር እንዴት አወቅሽ የሚል ጥያቄ ማለፍ ነበረብኝ። 

በማግስቱ ልጅቷ ክኒኑን ይዛ መጣች፤ እንዳትውጥ እናቷ ከልክላታለች። ሰልፉን ስትለምን ሰማናት። "ወላሂ፣ መድኃኒት ነው፣ ጉዳት የለውም፣ አንድ ሰው ይዋጥልኝ።" ሙስሊሙ እስከ መግሪብ አይቀምስም፤ ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ጾም የሌለበት ካለም የማያውቀውን ክኒን ለመዋጥ ፈራ። "ከነበሽታው ቢጋባብኝስ?" ያለች ሴት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ክኒኑ ተመለሰ። የዚያን ቀን እህቴ ምግቤን ይዛ ሰልፉ ላይ ነበረች፤ ድምጿን ግን አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ ኤዶ ወደቀች።

ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ጭንቅላቷ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ክፍሉ ተተራመሰ። አንዷ "ክብሪት! ክብሪት አሽትቷት!" ትላለች፤ ሌላዋ ጥርሷ መሀል ልታስገባ ማንኪያ አንስታለች።

"ማንኪያውን ወዲያ በዪው! ዞር በሉላት!" የጮህኩት እኔ ነኝ። በጎኗ አስተኛኋት፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ከጭንቅላቷ ሥር አደረግኩ፣ የአንገት ልብሷን ፈታሁ። ከዚያ ጠበቅኩ። መጠበቁ ነው ከባዱ። ሲያልፍላትም አፏን ጠረግኩላት፣ ቀሚሷንም አስተካከልኩላት፤ እህቴ ስትነቃ መጀመሪያ የምትፈልገው ቀሚሷን ነው።

ዓይኗን ስትገልጥ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ይሄንን የት ተማርሽው?"

"ፋብሪካ። የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ሰጥተውናል።"

"ማሻአላህ። ጥሩ ፋብሪካ ነው" አለች። ፋብሪካችን እሳት ቢነሳ በየት በኩል እንደምንወጣ እንኳ አሳይቶን አያውቅም።

ከጎኗ የምትተኛዋ ሴት ፍራሿን ቀስ ብላ ወደ ሌላው ጥግ ሳበች። ኤዶ አይታለች። በሩን ደብድበን የመጣው ጠባቂ "ሳጅኑ ነገ ሲገባ ይነገረዋል" ብሎ ሄደ። በባዶው ቦታ እኔ ፍራሼን አነጠፍኩ። የእህቴ ሐኪም አንድ ጊዜ ያለንን አልረሳም። አንዱ ሳይለቅ ሌላው ከተከተለ ሰው ላይመለስ ይችላል ብሎናል። እስኪነጋ ድረስ የኤዶን ትንፋሽ ስሰማ አደርኩ። ይህች ሴት አጠገቤ ብትሞት በአንድ ፍሬ ክኒን ነው፤ ያ ክኒን ደግሞ እናቴ ቤት ከዱቄት ጣሳ ጀርባ አለ።

ጠዋት በሩ ተከፈተ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። ኤዶ ከቀዳዳው ሥር ቁጭ ብላለች፤ መቆም አልቻለችም።

"ቀጥይ!" የአስቀማሹ ድምፅ ነው።

"ሳጅን፣ እናቴ ትናንት ወድቃለች አሉኝ።" ልጅቷ ናት።

"እኔ ከለከልኩሽ? ዋጪና አስገቢ።"

 ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ "ሀዬ። እውጣለሁ" አለ።

ኤዶ ልትነሳ ግድግዳውን ያዘች። ብትጮህ ክኒኑ አይገባም፤ ባትጮህ ከቃሏ ልትወጣ ነው። ክንዷን ያዝኩት። 

"ቆይ" አለ ሌላ ድምፅ ከውጭ። "አንቺ ጾምሽን ጹሚ። እኔ እውጠዋለሁ።"

እህቴ ነበረች። 

"አንቺ ደግሞ ምኗ ነሽ?"

"ከኋላዋ የተሰለፍኩ ነኝ።"

"አትጾሚም?"

"አልጾምም። መድኃኒት እወስዳለሁ። ይሄንኑ ነው የምወስደው። ትናንት ሲመለስ አይቼ ነው፣ ዛሬ ቤት ሳልውጥ የመጣሁት።"

በልቤ "በቃ፣ እዚህ ላይ ተዪው" እላለሁ። ሰልፉ ላይ የሰፈራችን ሴቶች አሉ። አንደኛዋ ሽማግሌ ሊልኩ ካሰቡት ሰዎች ጋር ደጅ ለደጅ ናት።

"ለመሆኑ ይሄ ለምንድነው የሚወሰደው?" አለ አስቀማሹ። እልህ አልነበረበትም፤ ማወቅ የፈለገ ይመስላል።

አንድ ባጃጅ አለፈ። 

"ለሚጥል በሽታ" አለች እህቴ። "ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ። ስጠኝ አቦ፣ ሰዓቴ እያለፈ ነው።"

እኛ ቤት ያ ቃል በዚያ ድምፅ ተነግሮ አያውቅም። ከሰልፉ አንዲት ሴት "በስመአብ" ስትል ተሰማ። ከዚያ የላስቲክ ውሃ ሲጨበጥ፣ ከዚያ "አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ" የሚለው የተለመደው ትእዛዝ።

"ይግባ" አለ አስቀማሹ።

ሁለቱ ፍሬ ክኒኖች በወረቀት ተጠቅልለው ገቡ። ኤዶ ያን ቀን መጾም የሚችል ሰውነት አልነበራትም። አንዱን መዳፏ ላይ አድርጋ ግን አልዋጠችውም።

"ያቺ ልጅ ማናት?" አለች። "የማንን ውለታ እንደምውጥ ልወቅ።"

ክፍሉ ሁሉ ያዳምጣል። ፍራሿን የሳበችውም ታዳምጣለች። "አላውቃትም" ማለት እችል ነበር፤ አፌ ስንት ዓመት የለመደው ያንን ነው።

"እህቴ ናት" አልኩ። "የእናቴ ልጅ፣ ታናሼ። የሚጥል በሽታ አለባት።"

ኤዶ ራሷን ነቀነቀች። "ጥሩ ፋብሪካ ነው ብዬሽ ነበር" አለችና ዋጠችው። ፍራሿን ስባ የነበረችው ሴት ውሃ አቀበለቻት።

ከዚያ ወዲህ ኤዶ እስክትፈታ ድረስ የእህቴ የጠዋት ክኒን የሚዋጠው በበሩ ላይ ሆነ። እቤት ልትውጠው የነበረውን ፍሬ ለልጅቷ ትሰጣታለች፣ በልዋጩ የኤዶን ትቀምሳለች፤ የበር ቀረጥ ቀረ። አስቀማሹም ሁለተኛ የበሽታዋን ስም አልጠየቃትም። ውሃውን ራሱ ያቀርብላት ነበር አሉ።

እኔ ከኤዶ በኋላ ተፈታሁ። ክስ አልቀረበብኝም፣ ይቅርታም አልተጠየቅኩም። ቤት ስገባ ክኒኑ ከዱቄቱ ጣሳ ጀርባ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከጨው ዕቃው ጎን ተቀምጧል። እናቴም አየት አደረገችኝ። ሽማግሌዎቹ አልመጡም። እህቴ አልቅሳለች፤ አላለቀሰችም ብዬ ታሪኩን አላሳምርም።

አሁን የኤዶ ሱቅ ተከፍቷል። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ፣ የሚጠፋበትም ጊዜ ብዙ ነው፣ እሷና እህቴ ገንዘብ አዋጥተው ርካሹን በሙሉ ፓኬት ይገዛሉ፤ እንደዚያ ሲሆን ለሁለቱም ይቀላል። ባለፈው ሳምንት ሲካፈሉ አብሬ ነበርኩ። ኤዶ ጨርቅ በምትቆርጥበት መቀስ ማሸጊያውን ለሁለት ከፈለችው። ሱቁ በደንበኛ ተሞልቷል። የእህቴን ድርሻ ወደ እሷ ገፋ አደረገችና ፊቷን ኮስተር፣ ድምጿን ጎርነን አድርጋ፣

"ቅመሺ!" አለቻት።

እህቴ አንድ ፍሬ አውጥታ በደንበኛው ሁሉ ፊት ዋጠች፣ አፏን ከፈተች፣ ምላሷን አነሳች። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን ያንን ቃል ስሰማ እጄ ሳላውቀው መደርደሪያውን ጨብጦ ነበር። አንድ ቀን አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ገና ነኝ።