የጋሽ ዲክሽነሪ መሰላል

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ አትክልት ይኮተኩታል፣ ወይ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። ጋሽ ዲክሽነሪ ግን የሰው ልጅ መመዘን ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ብሎንና መጥረጊያ ሲያስረክብ የኖረ ሰው ነው። እንግሊዝኛ ያወራው ቢበዛ ካርቶን ላይ ከተጻፈው ጋር ነው። ካርቶን ደግሞ መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ ማንም አርሞት አያውቅም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ኩራት ከየት መጣ? ተማሪ ሳለ አንድ ተቆጣጣሪ ክፍላቸው ገብቶ፣ «ጉድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚተኩ ቃላት ማን ይነግረኛል?» ብሎ ጠየቀ። እሱ ብድግ ብሎ ትንፋሽ ሳይወስድ አንበለበለው። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶ ሸለመው። አለቀ! የዕድሜ ልኩ ጀብዱ ይኸው ነው። እስክሪብቶው ወር ሳይሞላው ደረቀ፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልደረቀም። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ገና «ተቆጣጣሪው ገባ» ሲል ክሩን በጥርሷ በጠስ ታደርግና፣ «አሁን ደግሞ ብድግ ሊል ነው» ትላለች።

ጡረታ እንደወጣ ከሚስቱ የስፌት ክፍል ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የፎቶ ኮፒ ማሽን አስቀመጠ። በማሽኑ የምትሠራው ልጁ ናት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ። እሱማ ሌላ ሥራ አለበት! ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቃል የሚያስተረጉመው መንገደኛ ሲጠብቅ ይውላል።

ሲሳይ የመጣለት ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ በየተማሪው ካርድ ላይ ለሁሉም «ጉድ» እያለች ትጽፍ ነበር። ወላጆች፣ «ካርዱንም ፎቶ ኮፒ ነው እንዴ የምታደርጉት?» እያሉ ሲያሾፉ ርእሰ መምህሩ ከነከነውና፣ «ሁለተኛ አንድ ቃል ስትደጋግሚ እንዳላይ!» አላት። ምን ታድርግ? ተመሳሳይ ቃላት ለቃቅማ፣ በስም ጥሪው ተራ ለአንዱ ፋይን፣ ለሌላው ናይስ፣ ለቀጣዩ ዲሰንት፣ ከዚያ ፌር እያለች እንደ ከረሜላ አደለቻቸው። ለሁሉም የምትለው ያንኑ ነበር፤ ጎበዝ ነህ፣ ጎበዝ ነሽ።

ወላጅ ግን ይህን በምን ይወቅ? ካርዱን ይዞ ወደ ጋሽ ዲክሽነሪ ይጎርፍ ጀመር። ማርኩ እዚያው ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ማርክ ግን ማን ያያል? ማርክማ ማንም ያነበዋል! ጋሽ ዲክሽነሪም ልቡ አበጠ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ቃላቱን ከላይ እስከ ታች በማዕረግ ደረደራቸውና መሰላል የሚመስል ነገር ሥሎ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ከላይ ኤክሰለንት፣ ከታች ፌር። ፌርን ሲተነትነው መስማት ነው! ቆንጆ ማለት ነው፣ ፍትሐዊ ማለት ነው፣ ቀይ መልክ ነው፣ ባዛር ነው፣ የጠራ ሰማይ ነው ይልና ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ «እንደ ነገሩ» የሚለውን መርጦ ቃሉን እታች የወረወረው ለምን ይመስላችኋል? ወረቀቱ ግርጌ ላይ ባዶ ቦታ ስለተረፈ ነው። እውነቴን ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ዳቦ ጋጋሪው የልጁን ካርድ ይዞ መጣ። ዱቄት የለበሰ እጁን ሽርጡ ላይ ጠራርጎ፣

«ጋሼ፣ እቺ ምን ትላለች?» አለ።

«ፌር ነው የምትለው። እንደ ነገሩ ማለት ነው። አትድከም ወንድሜ፣ ልጁን ቀለም አይዘልቀውም። ሙያህን አስይዘው።»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በሳምንቱ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ዳቦ ቤት ሊጥ ሲያቦካ ታየ። ጋሽ ዲክሽነሪ ለጥ ብሎ እንቅልፉን ተኛ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ ሌላ ካርድ ሲሰጥ አስተማሪዋ ስም ጥሪውን ከታች ወደ ላይ ጀመረችው። ፌር የደረሰው ለማን ቢሆን ጥሩ ነው? ለገዛ ልጁ! ልጅቷ መንገድ ላይ ካርዷን ስታየው ትርጉሙን ማንንም አልጠየቀች፤ መሰላሉን አባዝታ ለሰፈሩ ያደለችው ራሷ ናትና። ቤት ስትደርስ ዳቦ ጋጋሪው ንግድ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ ቆሟል፤ ሌሎች ደንበኞችም አሉ። ዳቦ ጋጋሪው እጇ ላይ ያለውን ካርድ አየው፣ መስታወቱን አየው፣ ደግሞ ካርዱን አየው።

«ጋሼ፣ ይቺ ለኔ ልጅ የተጻፈችው ቃል አይደለችም እንዴ?»

ጋሽ ዲክሽነሪ ላብ አጠመቀው። ፌር ምንም አይደለም ቢል፣ «የኔን ልጅ ታዲያ ለምን?» ሊባል ነው። ተሳስቻለሁ ብሎ መገላገል ይችል ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራረገና ደረቱን ነፋ።

«ለኔ ልጅ ተብሎ ፍርድ አይጓደልም። ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቀርቶ እዚህ ማሽኑ ጋ ትውላለች።»

«አቤት ፍርድ!» አለ አንዱ ደንበኛ። ይህን ሲሰማ ጋሽ ዲክሽነሪ ከወንበሩ ከፍ ከፍ አለ።

ሚስቱ መቀሷን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። «ሰውዬ፣ አብደሃል? ልጅቷ እኮ ከክፍሏ ሦስተኛ ነው የወጣችው!»

«ደረጃ ያልፋል፤ የሚቀረው ቃል ነው» አላት። ወይ አለማፈር!

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ አስተማሪዋን እጇን ይዛ አመጣቻት። ዳቦ ጋጋሪው ኮፒውን ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ ሌሎች ደንበኞችም ተራ ይዘዋል፤ ልጅቷ ማሽኑ ጋ ቆማለች። አስተማሪዋ ነገሩን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በተራ ነው ያደልኳቸው! ሁሉንም ጎበዞች ናችሁ ማለቴ ነው። የእርስዎም ልጅ፣ የእሳቸውም ልጅ።»

ጋሽ ዲክሽነሪ መዝገበ ቃላቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «የኔ እህት፣ አንቺ ሳታውቂው እውነቱን ነው የጻፍሽው» አላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ጻፊዋን፣ ፊት ለፊቱ ቆማ!

ዳቦ ጋጋሪው ግን ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እኔ ደንቆሮ! ልጄን በገዛ እጄ!» አለና ወደ አስተማሪዋ ዞረ። «ባመጣው ትቀበይልኛለሽ?»

«ዛሬውኑ ያምጡት እንጂ!»

ሽርጡን እየፈታ መንገዱን ተሻገረ። ልጁን ሲጣራ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። «አጥፍቻለሁ ልጄ! እጅህን ታጠብ፣ ደብተርህን ያዝ!» ሰው መስማቱን ከቁም ነገርም አልቆጠረው።

«አንቺም ቦርሳሽን ያዢ» አለች እናት። ልጅቷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። አባቷን ዓይን ዓይኑን ታያለች።

«እኔስ፣ አባዬ?»

ደንበኞቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። እሱም ደንበኞቹን አየ፣ መሰላሉን አየ። ከአፉ አንዲት ቃል ብትወጣ በቂ ነበር፤ ልጅቷም ከዚያ ሌላ የምትፈልገው አልነበራትም።

«ማሽኑ ወረቀት ጨርሷል፤ ጨምሪበት» አላት።

ጨመረችበት። መሳቢያውን ዘጋች፣ አንድ ኮፒ አውጥታ መሥራቱን አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከእናቷና ከአስተማሪዋ ጋር ወጣች። አሁንም ትምህርቷን ትማራለች፤ ስትመለስ ማሽኑ ጋ ትቆማለች፣ ሲያዛት ትታዘዛለች፣ አኩርፋም አታውቅም። አባዬ ግን አትለውም። እንደ መንገደኛው ሁሉ «ጋሼ» ነው የምትለው።