የበረንዳው አግዳሚ

አጎቴን ሊያወድሱ የመጡትን ምሁራን ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

ጋሼ ነቀምቴ ላይ ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ልቦለዶች የሚያጠኑ ምሁራንን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናቸው ይሰበስቡ ነበር። በሩ ጋ ካለው ወንበራቸው ሳይነሡ፣ የሚገባውን ሁሉ «ጨርሰሃል?» ይሉታል። የሳምንቱን መጽሐፍ ያልጨረሰ በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በመስኮት ያዳምጣል እንጂ ትንፍሽ አይልም። አንድ ቅዳሜ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ስላደረ ራሳቸው ወጥተው ተቀመጡ። ዝናብ ሲመታቸው «ኧረ ጋሼ ይግቡ» ብላቸው፣ «አልጨረስኩም እኮ» አሉኝ።

ስለነዚያ ልቦለዶች ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ጥናት አባዝተው ለእያንዳንዱ ምሁር ሰጥተው ነበር። አንድ ቃል የመለሰላቸው የለም። ቅዳሜም መምጣት ተዉ። ጋሼ እየጠበቁ ሞቱ።

በአርባቸው ዕለት ግን ከሲሬም ከአዲስ አበባም ተግተልትለው መጡ። አንዱ ዶክተር ሳሎኑ መሀል ቆሞ ስለ ጥናቱ «ድንቅ ሥራ! ጥልቅ ሥራ!» እያለ ይቀደድ ጀመር።

ደሜ ፈላ። «ኦቦ፣ ጨርሰውታል?» አልኩት።

«ያው... ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ፣ ጀምሬዋለሁ እህቴ።»

«እንግዲያው ቦታዎን ያውቁታል» ብዬ በረንዳውን አሳየሁት።

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሌሎቹም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንድ በአንድ እየተነሡ ተከተሉት። አግዳሚው አልበቃቸውም። ሳሎኑ ውስጥ እኔና በሩ ጋ ያለው ባዶ ወንበር ቀረን።