የመስጊዱ ድንጋይ

ትናንት ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በባጃጅ ስሄድ የመስኖው ውሃ ተለቅቆ ነበር። ውሃ የጠጣ ደረቅ አፈር ሸተተኝ፤ ንዴቴም አብሮ ተነሳ።

ነገሩ ሲሆን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከጓደኛዬ ከዘይነባ ጋር በብስክሌቴ ተፈናጥጠን፣ ያኔ ገና የሚሠራውን የመስኖ ቦይ ዳር ይዘን ወደ ጥንታዊው መስጊድ ሄድን። ጣሪያው ድሮ ፈርሷል፤ እኛ ግን ቀዝቃዛውን ግድግዳ ተደግፈን ሎሚ መምጠጥ እንወድ ነበር። የዚያን ቀን የግድግዳው ግማሽ የለም። ሠራተኞች ድንጋዩን ለቦዩ ግንብ ትራክተር ላይ ይጭናሉ። የሚያዛቸው ቦዩን የሚያሠራው አባቴ ነው። የዘይነባ አያት ሸህ ሙሄ ትራክተሩ ፊት ቆመዋል።

"ፍርስራሽ እኮ ነው አባባ። ውሃው ለእርስዎም ማሳ ይደርሳል" አላቸው አባቴ።

"ውሃውን ማን ጠላ? ድንጋይ እንደሆን ተራራው ላይ ሞልቷል። ከዚህ የምትወስደው ስለሚቀርብህ ብቻ ነው።"

አባቴ ወደ ትራክተሩ ዞረ። ሾፌሩን "ንዳ" አለው።

ከወር በኋላ ከከተማ የመጡ የቅርስ ጥበቃ ሰዎች ግድግዳውን ምን እንዳገኘው ጠየቁ።

"ክረምቱ ነው የጣለው" አለ አባቴ። ሸህ ሙሄ ባሉበት ወደ እኔ ዞሮ "አይደል?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ።

ሸህ ሙሄ አንገታቸውን ደፉ። ዘይነባ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

አባቴ ዛሬ አርጅቷል። ያንን ቀን ባነሳሁበት ቁጥር "ቦዩ ግን ይኸው ይሠራል" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ይሠራል። ይበልጥ የሚያናድደኝም ይሄው ነው።