ከቀኝ ጎማ የሚመጣው ድምፅ

የመኪናዬን ንዝረት የሚያበርዱትን የፊት አሞርዛተሮች እንጅባራ ካስቀየርኩ በኋላ ከቀኝ ጎማ በኩል አንድ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። አስፋልት ላይ ዝም ይላል። ዳንግላ ገብቼ ወደ ቤቴ የሚወስደውን የኮብልስቶን መንገድ ስይዝ ግን ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። በፊት አልነበረም።

ወደ እንጅባራ ተመልሼ ሄድኩ። መካኒኩ አስፋልቱ ላይ ነድቶ አየውና፣ "አዲስ ዕቃ ነው እህቴ፣ እስኪላመድ ነው" አለኝ። ሳምንት ጠበቅሁ፤ አልተላመደም። ደግሜ ስሄድ ከላይ ያሉትን ብሎኖች አጠባብቆ ሰደደኝ። ድምፁም አብሮኝ ተመለሰ። ባለቤቴ፣ "ሬዲዮኑን ከፍ አድርጊው" ብሎ ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም። በየጠዋቱ ሁለት ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ የምነዳው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ግን የመኪና ወሬ እርም ብለዋል።

"ዕውር ምን ያይልሻል?" አሉኝ።

"የሚታይ ነገር የለውም አባየ። የሚሰማ ነው።"

ከጎኔ ተቀመጡ፤ መስኮቱን አውርደው ጆሯቸውን ወደ ውጭ አዘነበሉ። ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ መሪውን ወዲያና ወዲህ እንዳዞር አደረጉኝ። ለውጥ የለም። አንድ ጋሪ እስኪያልፍ ቆምንና እንደገና ተነሳን።

"አሁን ሳትቆሚ ፍሬኑን ነካ አድርጊው።"

ነካ አደረግሁት። ድምፁ ጠፋ። ስለቀው መጣ። ደገምኩት፤ ጠፋ።

አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። "አሞርዛተር አይደለም። አሞርዛተሩን ለመቀየር የፈቱትን ፍሬን ሲመልሱ አላጠበቁትም። አቁሚ!"

ዳር ይዤ ለመካኒኩ ደወልኩ።

"ቀስ እያልሽ አምጪው" አለኝ።

"ከዚህ ንቅንቅ አላደርገውም። አንተ ና።"

ተነጫነጨ። ስልኩን አልዘጋሁም፤ እሺ እስኪል ድረስ ያንኑ ደጋገምኩለት። ከቀትር በኋላ በፒካፕ መጣ። ጎማውን ሲያወርደው የፍሬን ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር ተንጠልጥሏል። ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱ የለም፤ ሌላውን በጣቱ አዞረው፤ ወጣለት። ብሎኑን አየውና፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ" አለ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ለጠፋው ሌላ ብሎን አምጥቶ ሁለቱንም አጥብቆ ዕቃውን ሲሰበስብ ግን ተነሳሁ።

"ግራውንም ፍታው።"

"ግራው እኮ ድምፅ የለውም።"

"ፍታው።"

ፈታው። ካሊፐሩ ጠብቋል። በገዛ እጄ ቁልፉን ይዤ ሞከርኩት፤ አልነቃነቅ አለኝ። ያኔ ብቻ አመንኩት።

ሊሄድ ሲል አባቴ ፊት ቆመ። "አባባ፣ የኔም ፒካፕ ከኋላ የሚያንኳኳው ነገር አለ። ቢሰሙልኝ?"

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። መካኒኩ ይዞ ፒካፑ ውስጥ አስገባቸው። ኮብልስቶኑን ሽቅብ ሲወጡ የአባቴ ድምፅ በመስኮቱ ይሰማኝ ነበር፦ "ቀስ በል! እሱን ጉድጓድ ድገመው!"