የሀዋኒ የስልክ ከተማ

ሀዋኒ ሮቤ ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ደንበኛ በጠፋ ቁጥር፣ በስልኳ ጨዋታ ላይ ከተማ ትገነባለች። ሁለት ዓመት ሆናት። ከተማው አራት በር፣ ሁለት ጎተራና አንድ የፈረስ ጋጣ አለው። አንድ ግንብ እስኪያልቅ ሦስት ቀን ይጠበቃል፤ ጓደኞች ድንጋይ ቢያዋጡ ግን ይፈጥናል። ዙቤዳ ከጎባ፣ ደራራ አንገቱ ከምትባል ከተማ ያዋጡላታል፤ እሷም በተራዋ ታዋጣለች። «ደቦ ነው» ትላለች። እግረ መንገዳቸውን እዚያው እየጻፉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጅ ጉንፋን ያወራሉ። ከሰው ጋር የምታወራው በአብዛኛው እዚያ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የስልክ ከተማዋ ነደደ። ያቃጠለው የጎባው የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ባለቤት ሳላሀዲን ነው። ጨዋታውን ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሠራዊቱን ዱባይ ያለ ወንድሙ በባንክ ካርዱ ገዝቶለታል።

ሀዋኒ አላለቀሰችም። የያዘችውን ሱሪ ጠርዙን ሰፍታ ጨረሰች። በማግስቱ ሀጂ አሊዪንና ኦቦ ኡመርን ሽማግሌ ይዛ ጎባ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ጨዋታውን አያውቁትም፤ የተቃጠለ ነገር መኖሩ በቃቸው።

«ሰው ሞቷል?» አሉ ኦቦ ኡመር መንገድ ላይ።

«ወታደሮች።»

«የማን ልጆች?»

«የማንም።»

«እሱ ይሻላል።»

ሳላሀዲን ቆሞ ተቀበላቸው። «ጨዋታ እኮ ነው፣ አባቶቼ። ኃይሉን ከፍዬ ነው ያመጣሁት።»

«ተከፍሎበት የመጣ ዱላም ያማል» አሉ ሀጂ አሊዪ። «ካሳት።»

ሽማግሌ ፊት አይከራከሩም። ሳላሀዲን የሀዋኒን ስልክ ተቀብሎ፣ በራሱ ስልክ ዱባይ ደወለ፤ ወንድሙ የነገረውን የካርድ ቁጥር አስገባ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጎተራዎቹ ሞሉ፤ ግንቡ የድሮውን ሦስት እጥፍ አከለ።

«ይኸው፣ አዴ ሀዋኒ። አሁን እኔም አልችልዎትም።»

«ድንጋይ የሚዋጣበትስ የታለ?»

«ምን ያደርግልዎታል? ሁሉም አልቋል፣ የመጨረሻው ደረጃ ነው።»

ሀጂ አሊዪ ዱዓ አደረጉ። ሀዋኒም አሚን አለች።

ሚኒባስ ውስጥ ስልኳን ከፈተች። የመጨረሻ ደረጃ የደረሰ ከተማ ከትልልቆቹ ጋር ይመደባል፤ የእሷም ተመድቧል። የጎረቤቶቿ ስም በዓረብኛና በቻይንኛ ፊደል ተጽፏል። ዙቤዳን ፈለገቻት፤ ደራራንም። ጨዋታው ከእነሱ ጋር አያገናኝም። በሰፊው አደባባይ ፈረሶቿ ቆመዋል፤ አንድም የሚሠራ ነገር የለም። የዙቤዳን የስልክ ቁጥር ጠይቃት አታውቅም ነበር።

«ታዲያ አሸነፍሽ ልጄ?» አሉ ኦቦ ኡመር።

«አሸነፍኩ።»

ሮቤ ሲደርሱ የሦስቱንም ሂሳብ ከፍላ፣ ሽማግሌዎቹን ደግፋ አወረደች።