ፊርማዬ አረንጓዴ ነው

የልጅ ልጄ ያልሠራችውን ሠርታለች ተብላ በትምህርት ቤቷ የጠዋት ሰልፍ ፊት ቆማለች። የአያቷን ፊርማ አስመስላ ፈርማለች አሉ። አልፈረመችም። የፈረምኩት እኔ ነኝ። በደሉ ይኸው ነው። ማንም እንደማይጽፍልኝ ስለማውቅ እኔው እጽፈዋለሁ፤ ያውም ጣጣ ባመጣው በዚያው አረንጓዴ ቀለም።

ዕድሜዬን በሾላ ገበያ ቅመም ስሸጥ ነው የኖርኩት። ከገበያ የወጣሁት ጣቶቼ እንቢ ሲሉኝ ነው። አሁን ቦሌ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ልጄ አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ፈረቃዋ ስለሚቀያየር የልጅቷን የትምህርት ጉዳይ የማየው እኔ ነኝ። ልጅቷ እናቷን ማሚ፣ እኔን እማዬ ትላለች። አራተኛ ክፍል ናት።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። በወጣትነቴ ደሴ በመሠረተ ትምህርት ማታ ማታ ፊደል ቆጥሬ ጋዜጣ እስከማንበብ ደረስኩ፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ አላገኘሁም። ያስተማረችን ወጣት በመጨረሻው ቀን እንዲህ ብላናለች፦ «ጣት ቀለም ውስጥ ነክሮ መፈረም ቀረ። ከእንግዲህ ፈርሙ ስትባሉ ስማችሁን ሙሉውን፣ አንድም ፊደል ሳታጎድሉ ጻፉ።» እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምፈርመው። የኔን ስምና የአባቴን ስም፣ ረጋ ብዬ፣ ማንም እንዲያነበው አድርጌ።

ብዕሩን ያገኘሁት ኦሎምፒያ ነው። ለልጅቷ ደብተር ልገዛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቼ፣ መስታወቱ ውስጥ ቀለም የሚሞላ ብዕር አየሁ።

«እሱን አሳየኝ እስቲ» አልኩት ባለሱቁን።

«ለማን ነው እናቴ? ለልጅ ስጦታ ከሆነ ይሄኛው ይሻላል።»

«እኔ እጅ የለኝም?»

ሳቀና ቁራጭ ወረቀት አቀረበልኝ። እስክሪብቶ ካልተጫኑት አይጽፍም፤ ሁለት መስመር ስጽፍ አንጓዬ ይቃጠላል። ይሄ ግን አስቀመጥኩት፣ ሄደ። ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ የልጄን ስም፣ የልጅቷን ስም፣ የሰፈሬን ስም። ወረቀቱ ሞላ። ባለሱቁ ሌላ ቁራጭ ሰጠኝ።

ብዕሩን ገዛሁት። የመጀመሪያው የቀለም ጠርሙስ ቡናማ ነበር፤ ልክ የደረቀ የኮረሪማ ቅርፊት። በኦሎምፒያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ እየጨመርኩ መስኮቱ ሥር ደረደርኳቸው። ሐምራዊው ሲጻፍ የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል። ሰማያዊ አለ፣ እሱ እንኳ የታወቀ ነው። አረንጓዴው ግን ሌላ ነው። ገና ሲጻፍ እንደ ጤና አዳም ቅጠል ያበራል፣ ሲደርቅ ጠቆር ብሎ በሶብላ ይሆናል። እኔ ቅመም ስመርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ደርቆ ምን እንደሚሆን ማየት እወዳለሁ። የአስቤዛውን ወረቀት በሐምራዊ እጽፋለሁ። የመድኃኒቴን ሰዓት በቡናማ። የስልክ ቁጥሮችን ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ጠርዝ ላይ፣ ሁሉንም በየቀለማቸው። ጁምዓ ቀን የምጽፈው በአረንጓዴ ነው፤ እሱን አልለውጥም። ልጄ «እማዬ፣ ቤቱን የቀለም ሱቅ አደረግሽው እኮ» ትለኛለች። ትበል።

ትምህርት ቤቱ ለየልጁ የመገናኛ ደብተር ይሰጣል። መምህሩ የቤት ሥራውን ይጽፍበታል፣ ማታ ወላጅ አይቶ ይፈርማል፣ ጠዋት ይመለሳል። እኛ ቤት ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ልጅቷ ጠርሙሱን ትመርጣለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ «ቆይ እፍ ልበልበት» ብላ ታደርቀዋለች። ያ ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሰዓት ነበር።

አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ቦርሳውን ያወርዳል።»

መሬት መሬት እያየች፣ «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈርሚ» አለችኝ። «ጫር ጫር አድርጊው። እንደ ሰው።»

እንደ ሰው።

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። የክፍላቸው ኃላፊ መምህር ደብተሮቹን ሲያይ የኔን ፊርማዎች አገኘ። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ቡናማ። ደግሞ ሁሉም ይነበባሉ። ትልቅ ሰው ሲፈርም አይነበብም፤ ቀለም እየቀያየረ የሚጫወትም ልጅ ነው ብሎ ደመደመ። ጠርቶ ጠየቃት። «አያቴ ናት» አለችው። አላመናትም፤ በዚያው ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ፊት ደብተሯን ከፍታ ከፍ አድርጋ እንድትይዝ አደረጋት፤ ሰንደቅ ዓላማው እስኪሰቀል ድረስ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ስሟን ትተው «ፎርጅድ» ነው የሚሏት። ፎርጅድ ነይ፣ ፎርጅድ ኳሱን አቀብዪ።

«ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለችኝ።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኳት።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ መልካም ሴት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ። መምህሩንም አስጠራችው። ወጣት ነው፤ በዕድሜ ልጄን ያክላል። ብዕሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊታቸው ስሜን ጻፍኩ፣ በአረንጓዴ። ሁለቱም ደብተሩን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ።

«እናቴ፣ ፊርማዎ ይሄ ነው?» አለ መምህሩ።

«ስሜ ነው። ተደብቆ የሚጻፍ ስም የለኝም።»

ምክትሏ ነገሩን ልታለዝበው ፈለገች። «ገብቶናል። ልጅቷን ጠርተን እናነጋግራታለን፣ ይቅርታም እንጠይቃታለን፣ እዚሁ ቢሮ።»

«እሷንማ ምን ትነግሯታላችሁ? እሷ ታውቃለች። ለማያውቁት ንገሩ። ሰልፍ ላይ ነው ያቆማችኋት፣ ሰልፍ ላይ ተናገሩ።»

«እናቴ፣ መምህር በተማሪ ፊት እንዲህ ሲል ሥርዓት...»

«ተማሪስ በተማሪ ፊት?»

ምክትሏ ሌላ መንገድ አመጣች። ጣቶቼን አይታቸው ነበር። «እጅዎን የሚያምዎት ከሆነ ከጤና ጣቢያ አንድ ወረቀት ያምጡ። በዚህ ብዕር እንዲፈርሙ በልዩ ሁኔታ እንፈቅዳለን።»

ያመኛል፣ እውነት ነው። ወረቀቱንም በአንድ ጠዋት አገኘው ነበር። ግን ለምን? «በአረንጓዴ የምጽፈው ደስ ስለሚለኝ ነው» አልኳት። «ለደስታ ደግሞ የሐኪም ወረቀት አላመጣም።»

ሰልፍ ላይ መናገር እንደማይችሉ ነገሩኝ። ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ማታ መገናኛ ደብተሩን ከፈትኩ። ከፊርማው ቦታ በላይ «የወላጅ አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ ማንም አይጽፍበትም። በሐምራዊ ጻፍኩበት፦ «መምህር፣ ልጅቱ እውነቱን ስትነግርዎት ለምን አላመኗትም?» ሥሩ ስሜን ሙሉውን ፈረምኩ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶው «ታይቷል» ብሎበታል። በቃ።

እኔም ያንኑ ጥያቄ በቡናማ ጻፍኩ። «ታይቷል።» በሰማያዊ ጻፍኩ፣ ምናልባት እሱን ይወድ እንደሆነ። «ታይቷል።» ጁምዓ በአረንጓዴ። «ታይቷል።» ጠዋት ጠዋት ደግሞ ልጅቷን ካደረስኩ በኋላ ወደ ቤት አልመለስም፤ ሰልፉ እስኪያልቅ በሩ ላይ እቆማለሁ። ጥበቃው ወንበር አወጣልኝ።

«ይቀመጡ እንጂ እናቴ።»

«አላህ ይስጥህ፣ ልቁም። ልጅቷም ቆማ ነበር።»

ልጄ ተቆጣች። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማዬ በናትሽ፣ ይበቃል። ልጆቹ እያዩሽ ይስቃሉ። ይሄ ነገር ለልጄ ነው ወይስ ለራስሽ?» አለችኝ።

ይሄኛው ወጋኝ። እውነት ለማን ነው? እኔም ተበድያለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት እየኮራሁ የጻፍኩት ስም የሕፃን ጽሕፈት ተብሏል። የራሴን ንዴት በልጅቷ ትከሻ ላይ ጭኜ ከሆነስ? ስለዚህ ልጅቷን ጠየቅኳት። ጠርሙሶቹን እየነካካች ነበር።

«ልተወው እንዴ?»

አሰበች። «አሁን ከተውሽው እውነት ነው ይላሉ።»

«ይላሉ።»

«እንግዲያው አትተዪው። ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፣ ስትቆሚ የተናደድሽ ነው የምትመስዪው።»

«ተናድጃለሁ እኮ!»

«እሱን እኔ አውቃለሁ፤ እነሱ አይወቁ» አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

እስከዚያ ቀይ ቀለም ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ በቤተ ክርስቲያናቸው የድሮ የብራና መጽሐፍ ላይ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ቀዩ የመምህሩ ነው፤ ኤክስ የሚደረገው በሱ፣ «ታይቷል» የሚባለው በሱ። የቅዱሳኑን አከብራለሁ። የመምህሩን ግን ለሱ ብቻ የሰጠው ማነው? ኦሎምፒያ ሄጄ አንድ ጠርሙስ ቀይ ገዛሁ፣ ብዕሬን ሦስቴ በውሃ አጠብኩ፣ ያንኑ ጥያቄ በቀይ ጻፍኩ። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። «ወይኔ እማዬ» አለች፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ። ከዚያ እፍ አለችበት።

በማግስቱ ደብተሩ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ባለው ጠዋት በሩ ላይ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ መምህሩ ደብተሩን ይዞ ወደኔ ሲመጣ አየሁ።

«እናቴ፣ በቀይ ለምን ጻፉ?»

«አንተ በቀይ ብቻ ነው የምታየው መስሎኝ።»

ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ደብተሩን ገለጠ፤ ጥያቄዬ ገጽ በገጽ፣ በየቀለሙ። «ስንት ጊዜ ነው የጻፉት?»

«አንተ ስንት ጊዜ ነው ያየኸው?»

ፊቱ ተለወጠ። ወጣት ነው ብያለሁ፤ ክፉ ነው አላልኩም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እኮ ልጆቹ ማጭበርበር እንዳይለምዱ ብዬ ነው» አለኝ።

«እሺ። እሷ ግን አላጭበረበረችም።»

«ምን ብዬ ልናገር ታዲያ? በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት?»

«የጠየቅኩህን መልስ። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልፈልግም።»

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ተሰለፉ፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ። ማስታወቂያ ካለ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ምክትሏ ማይክራፎኑን ይዛ ስለ ደንብ ልብስ ተናገረች፤ ልትዘጋ ስትል መምህሩ ጠጋ ብሎ እጁን ዘረጋ። ምክትሏ በሩ ላይ ያለሁትን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ሰጠችው። ከወንበሬ ተነሣሁ። ልጅቷ ከአራተኛ ክፍል መስመር መሐል አንገቷን ስታሰግግ ይታየኛል። መምህሩ ስሟን ከነአባቷ ጠራና እንዲህ አለ፦

«ያ ፊርማ የአያቷ ነው። ስጠይቃት እውነቱን ነግራኛለች። ያላመንኳት፣ አያት በአረንጓዴ ይፈርማል ብዬ ስላላሰብኩ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»